አየር ለውጪ

ሚዛን ተፈሪ ያደገ ሰው ጠዋት ነጭ ነገር ሲያይ ጉም ነው ብሎ ያልፋል። እውነቱን ነው፤ ጉም የማያጣን ከተማ ነን። በቡና ወቅት ግን ነገሩ ይለያል። ከሰፈራችን ከፍ ብሎ የደረቅ ቡና መፈልፈያ አለ። ገለፈቱ ከግቢው ጀርባ ይከመርና እሳት ይለቀቅበት ነበር። እሳቱ ነበልባል የለውም፤ ሲጨስ ይሰነብታል። ጭሱ ከጉሙ ጋር ተደባልቆ ቁልቁል ይወርድና ቤታችን ላይ ይተኛል። እኛ ጅሎቹ እየሳልን «ዛሬስ ጉሙ ከብዷል» እንባባላለን።

ታላቅ እህቴ መምህርት ናት። ትንንሾቹን ፊደል ስታስቆጥር ድምጿ እስከ መንገድ ይሰማ ነበር፤ እኔም በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ያ ድምፅ ነው በቡና ወቅት መቆራረጥ የጀመረው። «ሀ» ብላ ተነስታ «ሆ» ሳትደርስ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ደረቷ ሲጥ ሲጥ ይላል። ሐኪሙ አስም ነው አላት። በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጥቶ፣ ጭስና አቧራ እንደሚቀሰቅስባት ነገራት። ከሚታየው ጥቀርሻ ይልቅ የማይታየው ብናኝ እንደሚብስ፣ ሳንባ ውስጥ ዘልቆ እንደሚገባና ልብንም እንደሚጎዳ አስረዳት።

ሰፈሩ የራሱ ማዘዣ ነበረው። ያገኛት ሁሉ «አየር ለውጪ» ይላታል። አንዱ ቴፒ ሂጂ፣ ሌላው ቱም ይሻልሻል ይላል። ሰው ሁሉ ሐኪም ሲሆን እኔ ደሜ ይፈላል። እሷ ግን ሰምታ፣ ለእረፍት ሸኮ አክስታችን ዘንድ ሄደች። እዚያ ደረቷ ጸጥ አለ። ይሄ ነው ያስደነገጣት። «እዚያ ከተሻለኝ እንግዲህ ተማሪዎቼን ትቼ መሄዴ ነው» አለችኝ ስትመለስ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ባሏም ዝውውር ማፈላለግ ጀምሮ ነበር።

በማግስቱ ነጭ የማስተማሪያ ጋዋኗን አጥባ አሰጣች። ልታነሳው ስትወጣ አመድ መስሏል። አሸተተችው፤ ጭስ ጭስ ይላል። ከገመዱ ላይ መንጭቃ አነሳችውና ሽቅብ ወደ መፈልፈያው ገሰገሰች። እኔም ጠብ ይኖራል ብዬ እየተጣደፍኩ ተከተልኳት።

ባለቤቱ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚሁ ያረጁ ነጋዴ ናቸው።

«ቲቸር፣ ምን እግር ጣለሽ?» አሏት።

ጋዋኑን ዘረጋችላቸው። «ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጉሙ ይሆናላ ልጄ። አገሩ እንደሆነ ታውቂዋለሽ።»

«ጉም ያረጥባል እንጂ መች ያጠቁራል?»

ጨርቁን በአውራ ጣታቸው አሸት አደረጉና ጣታቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ሳል አቋረጣቸው። «እኔኮ ሳሌ የብርድ ይመስለኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። የቋጠርኩት ስድብ አፌ ውስጥ ቀረ።

«ገለፈቱን የት ልጣለው ታዲያ? ወንዝ ብከተው ውሃው ይገማል።»

«ለእኛ ይስጡን። ከከብት እበት ጋር እናበሰብሰዋለን።»

እንዲህ ባለ ቀላል ቃል እሳቱ ቆመ። የሰፈሩ ሰው ገለፈቱን በማዳበሪያ ከረጢት እያጋዘ፣ ሲበሰብስ በየጓሮው እንሰትና ቡና ሥር ጨመረው። በክምሩ ዙሪያ የነበሩት፣ ጥቀርሻ ለብሰው የገረጡ ቡናዎች በዝናቡ ታጥበው አዲስ ቅጠል አወጡ። ሁሉም ጭስ ጠፋ አልልም። የባጃጁ ጭስ አለ፣ የመንገዱ አቧራ አለ፤ መድኃኒቷም ከቦርሳዋ አይለይም። ፌስታል ሲቃጠል ከሸተታት ግን ነጠላዋን ጣል አድርጋ ትወጣለች። ስትመጣ ያየ ጎረቤት ውሃ ይዞ ይሮጣል። እንደ እሷ ሳይሳደቡ ሰው ማስደንገጥ ብችል ምንኛ በታደልኩ።

በሚቀጥለው የቡና ወቅት አንድ ጠዋት ሰፈሩ ነጭ ለበሰ። አክስታችን ደወለች፤ ድምጿ ከስልኩ አልፎ ይሰማል። «አየር ለመለወጥ መቼ ነው የምትመጪው?»

እህቴ መስኮቱን ከፍታ በረጅሙ ሳበች። እኔ ትንፋሼን ይዤ ደረቷን አዳመጥኩ። ሲጥ የሚል ነገር የለም።

«እዚሁ ለወጥኩት እኮ» አለቻት።

ረፋዱ ላይ በትምህርት ቤቱ በኩል አለፍኩ። ድምጿ እስከ መንገድ ይሰማል። ቆሜ ጠበቅኳት፤ በአንድ ትንፋሽ «ሆ» ደረሰች።