ባዶ ቤት የተጣሩት አባባ

ጠባቂው አባባ ጓጉንቸሩን ከውጭ ከፈቱና፣ ሰው የሌለበትን ቤት «ቤቶች!» ብለው ተጣሩ።

ዛሬ ቡሬ አጠገብ፣ አንድ የቀድሞ የአገር መሪ ይኖሩበት የነበረውን ቤት ልጎበኝ ሄጄ ነው።

«ማን ይመልስልኛል ብለው ነው፣ አባባ?»

«ማንም። ቢሆንም የሰው ቤት ዝም ተብሎ አይገባም» አሉኝ።

መሪው ከባዶው ቤት ውስጥ «ይግቡ» ቢሉ ኖሮ ሩጫዬ የሚቆመው ፍኖተ ሰላም ከተማ ስደርስ ነበር።

አመሻሽ ላይ ተመልሼ፣ ብቻዬን የምኖርባትን የኪራይ ክፍል ከፈትኩ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ቀስ ብዬ «ቤቶች» አልኩ።

አከራዬ ከጓዳቸው ሰምተው «መምህር፣ እንግዳ መጣልህ እንዴ?» አሉኝ። ደስ ብሏቸው ነበር።

«አይ እትዬ፣ እኔው ነኝ።»

ብቻችሁን የምትኖሩ፣ እናንተስ ቤት ስትገቡ ምን ትላላችሁ?