አማቴና የከሰዓቱ ድራማ

አላመንኩም። አሁንም እየጻፍኩት አላመንኩም።

ጠዋት የሺ ከዳንግላ ደወለች። «አባባ አረፉ» አለችኝ። እኔ «የት?» አልኳት። ምን ማለቴ እንደነበር አላውቅም። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ስለነበር ደግማ ነገረችኝ። ሁለተኛውንም ሰማሁት፤ ምንም አልሆንኩም። ስልኩን ዘግቼ ክፍል ገባሁ፣ አስተማርኩ፣ አንድ ተማሪ ጠየቀኝ፣ መለስኩለት። ጠመኔውን ሳስቀምጥ ነው እጄ መቀዝቀዙ የታወቀኝ።

ለማታውቋቸው፦ አባባ አድማሴ አማቴ ናቸው። የቀድሞ ባለቤቴ አባት። የሺ የእሱ እህት ናት። አባባ ከአዘና ገጠር እርሻቸውን ለትልቁ ልጃቸው ሰጥተው ዳንግላ የገቡ ገበሬ ነበሩ። ባለቤቴ ለሥራ ወደ ውጭ ሲሄድ እኔ እሳቸው ቤት ቀረሁ።

አማትና ምራት መቼም ይተፋፈራሉ። ምግብ አቀርባለሁ፣ ይመርቁኛል፣ በቃ። ወሬ የጀመርነው በቴሌቪዥን ነው። የማታውን ድራማ ከሰዓት በኋላ በድጋሚ ያሳያሉ፤ እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እኔ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ።

የማይተቹት ነገር አልነበረም። በህንዶቹ ድራማ አንዷ ስትደነግጥ ፊቷን ደጋግመው ከነነጎድጓዱ ሲያሳዩ «አየናት እኮ! ደንግጣለች፣ እሺ!» ይላሉ። የቱርኮቹን ሰፊ ሳሎን አይተው «እነዚህ ሰዎች መቼ ነው የሚሠሩት? ቀኑን ሙሉ ሲጣሉ ነው እንዴ የሚውሉት?»

ሰው በአየር እየበረረ በሰይፍ የሚሞሻለቅበትን የቻይና ፊልም ግን ይወዱት ነበር። ለምን ስላቸው «ይሄ ውሸቱን ገና ሲጀምር ይነግርሻል። እውነት አስመስለው የሚዋሹት እነዚያ ናቸው» አሉኝ።

የአማርኛ ኮሜዲ አያስቃቸውም። «ገጠሬ ከሆነ ጅል ነው ማለት ነው? እንዲህ የሚያወራ የጎጃም ሰው እስቲ አምጪልኝ!» ብለው በአገውኛ የሆነ ነገር ያጉተመትማሉ። ትርጉሙን ስጠይቃቸው «ለምራት አይነገርም።»

ተኩስ ያለበት ከሆነ ደግሞ ተነስተው ይወጣሉ። «ይሄንንስ ውጭም እንሰማዋለን።»

አንድ አባባል ነበረቻቸው፤ «ደራሲው ቸኮለ።» የጠፋ ልጅ በድንገት ሲገኝ፣ ክፉው ሰው ባንድ ቀን ሲጸጸት፣ «ደራሲው ቸኮለ። ሰው እንዲህ ባንዴ አይመለስም።»

ከድራማዎቹ አንዱ ባሏ ባሕር ተሻግሮ የሄደባት ሴት ታሪክ ነበር። ሁልጊዜ መስኮት ላይ ቆማ ትጠብቃለች። አባባ መጀመሪያ «ትጠብቅ፤ ትዳር ነው» ይሉ ነበር። የእኔም ባል ስልኩ እየራቀ እየራቀ ሄዶ ካቆመ ቆይቶ ነበር። እንጅባራ የማስተማር ሥራ አግኝቼ፣ እሱ ሳይመጣ የት እሄዳለሁ ብዬ መልስ ሳልሰጥ ተቀምጬ ነበር።

አንድ ቀን ሴትየዋ እዚያው መስኮቷ ላይ ቆማ እያለች፣ አባባ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሱ «ትሂድ» አሉ።

«ማን?»

«ይቺ ሴት። ሰውየው አይመጣም።»

«ገና ብዙ ክፍል ይቀረዋል እኮ አባባ። በምን አወቁ?»

«አይመጣም አልኩሽ፣ ልጄ።»

ድምፃቸው የሌላ ሰው ሆነብኝ። ሪሞቱን አንስተው ቴሌቪዥኑን ዘጉት። ከዚያ ከልጃቸው ጋር የነበረ ሰው ተመልሶ መጥቶ የነገራቸውን ነገሩኝ። ባሌ እዚያ ሌላ ትዳር ይዟል። ልጅም ወልዷል።

 እሳቸው መሬት መሬቱን እያዩ «የወለድኩት እሱን ነው፤ የምፈርደው ግን ላንቺ ነው። ሂጂ፣ ሥራሽን ያዢ» አሉኝ።

ሻንጣዬንና ፍራሼን በጋሪ አስጭነው መናኸሪያ ድረስ አብረውኝ መጡ። እዚያ ይመለሳሉ ስል ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። አንድ የሚያውቃቸው ሰው «የልጅዎን ሚስት ወዴት ይዘዋት ነው?» አላቸው።

«ልጄን ሥራ ቦታዋ ላደርስ ነው» አሉት።

  እስከ እንጅባራ ድረስ አብረውኝ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ነገራችን በስልክ ሆነ። እኔ ቴሌቪዥን የለኝም፤ እሳቸው ይተርኩልኛል። ቅዳሜ ስለ አንድ አዲስ ድራማ ነበር ያወራነው። «ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ግን ምግብ አትበላም። ማዕዱ ሞልቶ ሁልጊዜ ተቆጥታ ትነሳለች። እንዴት ነው የማትከሳው?» ስቀን ሳንጨርስ መስመሩ ተቆረጠ።

ዛሬ ከክፍል ስወጣ መልሼ ደውዬ የሺን «እኔ በምን ስም ልምጣ? ከቤቱ የወጣሁ ሰው ነኝ» አልኳት።

ተቆጣችኝ። «ምን ማለትሽ ነው? ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ነይ። ከእኛ ከልጆቻቸው ጋር ነው የምትቀመጪው።»

አላለቀስኩም። ጎረቤቶቼ «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ይሉኛል። ምን እንደሚወጣ አላውቅም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ። ውጭው ጭጋግ ነው። ሰው ልብስ አጥቦ እያሰጣ ነው፤ በዚህ ጭጋግ መቼም አይደርቅለትም።

አባባ፤ አባት ሲሞት ምን እንደሚባል አላውቅም፤ የእኔ ሲሞት ገና ሕፃን ነበርኩ። ነገ ሴቶቹ ሙሾ ሲያወርዱ እኔ ዝም ብል አይቀየሙኝ። ዕንባው ይመጣል፤ ዘግይቶ ነው እንጂ። ብርድ አይችሉም ነበርና የሚያርፉበት ቤት ሙቅ ይሁንልዎ።

ደህና ይግቡ፣ አባባ።