«ፋስትሊ» ያስባሉኝ ቀን

ልጅ ሳለሁ፣ ሱዳን ባለው በኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ውስጥ፣ ተረት የሚነግሩን የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ታደሰ ነበሩ። ከስደት በፊት ጎንደር ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር፤ ያኔ ግን ቀን ቀን በሰው እርሻ ሰሊጥ ሲያጭዱ ውለው፣ ማታ እጃቸው ቆሳስሎ ይመለሳሉ። ራት ተበልቶ ፍሙ አመድ ሲለብስ፣ እኔና ሁለቱ ልጆቻቸው የገመድ አልጋው ላይ እንደረደራለን፤ ጋዙ እንዳያልቅ ፋኖሱ ዝቅ ይደረግና ተረቱ ይጀመራል።

መሃል ላይ ያቆሙትና «ጅቡ እንዴት ያለ ነበር?» ይሉናል። «ፈጣን» እንላለን። «እንዴትስ ሮጠ?» «በፍጥነት።» አንዱ ስለ ጅቡ፣ ሌላው ስለ ሩጫው እንደሚናገር ያወቅነው እንዲህ ነው። በእንግሊዝኛም ያስደግሙናል፤ ለኤሊዋ «ስሎው»፣ ለአካሄዷ «ስሎውሊ»። «ፋስት» ላይ ሲደርሱ ግን፣ ይህ ቃል ለእንስሳውም ለሩጫውም ያው ነው፣ ጭራ አይቀጠልለትም አሉን። ጭራ በማለታቸው ስንስቅ አመሸን።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን፣ ኡስታዝ የምንለው፣ ፈረሱ እንዴት እንደሮጠ የሚናገረውን ቃል ሰሌዳው ላይ እንድሞላ አዘዘኝ። «ፋስት» ብዬ ጻፍኩ። አጠፋውና «ፋስትሊ» ጽፎ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢው አለኝ። እንዲህ ያለ ቃል የለም አልኩት። ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀ። ስነግረው፣ ያ ሰሊጥ አጫጁ ነው እንዴ ብሎ ክፍሉን በሙሉ አሳቀብኝ። ከዚያም ይቅርታ ሳልጠይቅ እንዳልመለስ ነግሮ አስወጣኝ።

ጋሼ ታደሰን እስኪመለሱ ድረስ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ሄደው ኡስታዙን ያሳፍሩልኛል ብዬ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሳቁንም አልደበቅሁም። ፊታቸው ላይ አንዳች ነገር አልተለወጠም።

«ልክ ነሽ» አሉኝ በመጨረሻ። «ነገ ግን ማሌሽ ትይዋለሽ።»

«ልክ ከሆንኩ ለምን ይቅርታ እጠይቃለሁ?»

«ሌላ ትምህርት ቤት የለንማ፣ ልጄ። ካባረረሽ የሚጠብቅሽ ሰሊጥ ነው።»

ያን ማታም ተረት ጀመሩ። ልጆቻቸው ለጥያቄያቸው ሲመልሱ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ። በኡስታዙ ከተናደድኩት በሳቸው የተናደድኩት ይብስ ነበር። እሱ አላወቀም፤ እሳቸው ግን እያወቁ ነው አሳልፈው የሰጡኝ።

በማግስቱ ክፍሉ ፊት ቆሜ ማሌሽ አልኩ። አልበቃውም። «ፋስትሊ» በይ አለኝ፤ አልኩ። አልተሰማም ብሎ አስደገመኝ፤ ጮኼ አልኩ፣ ልጆቹም እየሳቁ አብረውኝ ጮኹ። የዓመቱ ፈተና ላይም ቃሉ መጣ። «ፋስትሊ» ብዬ ጻፍኩ፤ ትክክል ተብሎ ታረመልኝና አለፍኩ።

ዛሬ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ጋሼ ታደሰ ካረፉ ዓመታት ሆኗቸዋል፤ ልጆቻቸው ስንገናኝ፣ አባታችን ያን ቀን ባይመክሩሽ ኖሮ እዚህ አትደርሺም ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ እኔም አልክድም። ያኔ ያልገባኝ የእሳቸው ፊት ዝምታ ነበር፤ ስንት አሠሪ ፊት፣ ስንት ኬላ ላይ፣ ልክ ሆነው ሳሉ ማሌሽ ብለው እንዳለፉ። አሁን ገብቶኛል። ሰው ሲገባው ንዴቱ ይበርድለታል ይላሉ፤ የኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ይነድዳል።