የእማ ረቢአ የትንባሆ ሳጥን

የአፋሩ ሽማግሌ የተሰጠውን የትንባሆ ቅጠል በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ መርቆ ወጣ። ከሰንበቴ ገበያ አጥር ጥግ ሲደርስ ግን ቆመ። ቅጠሉን ወደ አፍንጫው አስጠጋና ወደ መጣበት ዳስ ዘወር ብሎ አየ። ከዚያ በዱላው ጭቃውን ጫር ጫር አድርጎ ቅጠሉን ቀበረው፤ በእግሩም ደለደለበት። ከሰጪዋ ፊት መጣል ይችል ነበር። አላደረገውም።

የሰው ታሪክ የሚጽፈው ሙህዲን ይህን ያየው ከዝናብ ሊጠለል ወደ ዳሱ ሲሮጥ ነው። ስጋት ገባው። ቅጠሉ ምን ሆኖ ነው?

ሰጪዋ ትንባሆ ሻጯ እማ ረቢአ ናቸው። የሽማግሌው ትንባሆ በዝናብ ርሶ ቢያዩ፣ «አባ፣ ያለፈው እሁድ ረስተኸው የሄድከው ይኸውልህ» ብለው ከሳጥናቸው ሰጡት። ምንም እንዳልረሳ ሁለቱም ያውቃሉ።

«ደሞ መጣህ?» አሉ ሙህዲንን ሲያዩ። «ትንባሆ አትቀምስ! ደንበኛ የሚያደርግህ ዝናብ ብቻ ነው።»

«ዝናቡም የአላህ ነው፣ እማ ረቢአ።»

«አልሃምዱሊላህ። ለማሽላው ደግ ነው እንጂ ለኔስ ጠላቴ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ የኖሩት ከዚያ የዋንዛ ሳጥን በሚሸጡት ትንባሆ ነው። ትንባሆ ሲደርቅ ይፈረፈራል፣ ሲረጥብ ይሻግታል። በበጋ፣ ቆላው ሲነድ፣ ውሃ የጠጣ የሸክላ ስባሪ ከሳጥኑ ጥግ ያኖራሉ። በክረምት፣ የቦርከና ወንዝ ሞልቶ የጨፋ ሜዳ ረግረግ ሲሆን ስባሪውን ያወጡና የአፋር ጨው ይተካሉ፤ ጨው እርጥበቱን ይጠጣል። ጨው ሲያልበው እሳት ዳር አድርቀው ይመልሱታል። ከሁሉ በላይ ዳኛው ግን አፍንጫቸው ነበር። አፋሮቹ፣ እማ ረቢአ አሽትተው ራሳቸውን በይሁንታ ካልነቀነቁ አይገዙም።

እማ ረቢአ የሳጥኑን ክዳን ከፈቱ። የራሰ ጆንያ የመሰለ ሽታ ሙህዲንን መታው። ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ጥግ ላይ የነበረው ጨው ሟሙቶ ጡጫ የሚያህል ቀርቷል፤ ውሃው ወደ ታች ወርዷል። ከታች፣ በዘንባባ ገመድ የታሰረ ትልቅ ጥቅል አለ።

«ያ የማን ነው?»

«የሃመዱ፣ የአፋሩ ደንበኛዬ። ለልጁ ሰርግ፤ ዛሬ ሊወስደው ይመጣል። ሁለት ወር ሆነው ካሰርኩለት። የታሰረ አደራ ባለቤቱ ሳይመጣ አይፈታም።» ቀና ብለው አዩት። «ምነው ሸሸህ? ሸተተህ?»

ሙህዲን ወደ አጥሩ ጥግ ዞር ብሎ አየ። የተቀበረው ቅጠል ዓይኑ ላይ መጣ።

እማ ረቢአ ክዳኑን ቀስ ብለው መለሱና ተቀመጡበት። «በሰኔ ወባ ጣለኝ። አልሃምዱሊላህ፣ ተነሳሁ። አፍንጫዬ ግን አልተነሳም። ቅጠሉን አነሳለሁ፣ አሸታለሁ፣ ራሴን እነቀንቃለሁ። ወላሂ፣ ምንም አይሸተኝም። ለሰው አልተናገርኩም።»

ወደ ማዶው ዳስ በአገጫቸው አመለከቱ። ጣራው ወልቋል፤ ፍየሎች ገብተው ዝናብ ተጠልለውበታል።

«የዚያን ትንባሆ ሻጭ ነገር ታውቃለህ። የሻገተ ሸጦ አንድ ሽማግሌ ሲያስመልሰው ዋለ። ከዚያ ወዲያ አንድም አፋር ግመሉን ከፊቱ አላቆመም። የኔ እንኳ ገበያ ቢቀር ይቅር፤ ሃመዱ በልጁ ሰርግ፣ በጎሳው ፊት ጥቅሉን ሲፈታ ሻግቶ ቢያገኘውስ?»

ዝናቡ እየሳሳ ነበር። ከባቲ መንገድ በኩል፣ በጉሙ ውስጥ፣ የግመሎች አንገት ታየ። እማ ረቢአም አዩት። እጃቸው ሻሻቸውን ያዘ።

«ሙህዲኔ፣ ያነባል፣ የሰው ታሪክም ይጽፋል ይሉሃል። የኔን ጻፍ፣ አልከለክልህም። ዝናቡ ያመጣህ ግን ለዚያ አይመስለኝም።» ከሳጥኑ ላይ ተነሱ። «ሃያ ዓመት እጄ አደራ ፈትቶ አያውቅም። ለአላህ ብለህ፣ ሃመዱ ሳይደርስ አንተ ጥቅሉን ፍታልኝ፤ እስከ ታች ድረስ አሽትልኝ። አትዘንልኝ፤ እውነቱን ንገረኝ።»