በደንገል ጫማ በጣና ላይ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሶልያና ጥቁር ሻሼን ፊቷ ላይ ጠምጥማ፣ ዓይኖቿን ብቻ አስቀርታ፣ ከአጥሩ ግንብ ላይ ልትዘል ስትል ደረስሁባት። «ውረጂ! በቀስታ!» አልኋት። ከወረደች በኋላ «እማምዬ፣ ኒንጃ እውነት ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ያን ቃል ከሰማሁት ስንት ዘመኔ! መልስ ልሰጣት አፌን ስከፍት የእርጥብ ደንገል ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የለኝም። ስለ ጃፓን የማውቀውን ሁሉ የሰማሁት እዚሁ ባሕር ዳር፣ በደርግ ጊዜ፣ በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው።

ያን ጊዜ ፋሲሎ በሚባለው ሠፈር ቪዲዮ የሚያሳይ ሰው ነበር። ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ እዚያ ይውልና ራት ላይ ያየውን ይተርክልናል። ጥቁር የለበሱ ሰዎች በጭስ ውስጥ ይጠፋሉ፤ በውሃ ላይ በእግራቸው ይሄዳሉ። ሌላ አገር ሰው ቢሰማ ይስቅ ይሆናል። እኛ ግን ጻድቃን ጣናን በእግራቸው ሲሻገሩ፣ ከገድል ሲነበብ እየሰማን ያደግን ነን። እናቴ እንኳ «ጾም ያበዛሉ ማለት ነው» አለች እንጂ ውሸት ነው አላለችም።

ጨዋታው ጨዋታ ሆኖ አልቀረም። ወጣቱ ለውትድርና የሚታፈስበት ጊዜ ነበር። ከሠፈራችን የሄደ አንድ ልጅ ወሬው ከጠፋ ዓመት አልፎታል። ጥቅምት ሲገባ የደሳለኝም ስም ከዝርዝሩ ላይ እንዳለ ሰማን። መንገዱ ሁሉ ኬላ ነው። ከሐይቁ ማዶ፣ ዘጌ፣ የእናቴ ዘመዶች አሉ፤ ጫካው ውስጥ ቢገባ ማንም አያገኘውም። ግን የታንኳ ማረፊያውም ይጠበቃል።

አንድ ጠዋት ደሳለኝ ወደ ሐይቁ ዳር ወሰደኝ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ ውሃው እስከ ሣሩ ድረስ ሞልቶ፣ ጉም እንደ ተባዘተ ጥጥ ተኝቶበታል። ሰማዩ የት እንደሚያልቅ፣ ጣና የት እንደሚጀምር አይለይም። ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል አጭዶ ክንድ የሚያህሉ ሁለት ጫማዎች ሠርቷል፤ ልክ እንደ ትንንሽ ታንኳ።

«እሰሪልኝ» አለኝ።

«ደሴ፣ ዘጌ ለምን በታንኳ አትሄድም?»

«ታንኳ ከሩቅ ይታያል። እኔን ከሩቅ ያየኝ ወፍ ነው የሚለኝ።»

«ብትወድቅስ?»

«ኒንጃ አይወድቅም። ይልቅ አጥብቂው!»

እኔ ከልጅነቴም ሥጉ ነኝ። እንዳይፈታበት ብዬ ገመዱን ሦስት ጊዜ ቋጠርሁት። እሱ ከተቀመጠበት ድንጋይ ላይ ተነሥቶ ሁለት ርምጃ ሄደ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ሁለት ርምጃ በጣና ላይ ሄደ! ጉሙ ውስጥ ቆሞ ዘወር ብሎ ሲስቅልኝ ዛሬም ድረስ ይታየኛል። በሦስተኛው እግሮቹ ግራና ቀኝ ሸሹና ወደቀ። ደንገል አይሰጥምና እግሮቹ ወደ ላይ ቀሩ፤ ራሱ ግን ታች ነው። ሊነሣ ሲታገል ጫማዎቹ መልሰው ይገለብጡታል። የቋጠርሁትን ደግሞ ማን ይፍታው?

ዋና ሳልችል ገባሁ። ውሃው ደረቴ ላይ ሲደርስ አንዱን ጫማ ይዤ እየጎተትሁ ጮህሁ። ጎረቤታችን ጋሽ ሙላት የጭነት መኪናቸውን ሊያጥቡ እዚያው ሐይቁ ዳር ወርደው ስለነበር ከነልብሳቸው ዘለው ገቡና ጎትተው አወጡት።

ደሳለኝ ውሃውን ሁሉ ተፍቶ ሲያበቃ ጋሽ ሙላት ጫማዎቹን አገላብጠው አዩ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«የኒንጃ ጫማ» አልሁ እያለቀስሁ። የዘጌውንም ነገር ሳልደብቅ ነገርኋቸው።

«እኔ በጃንሆይ ጊዜ ለሞተር ትምህርት ጃፓን ስድስት ወር ተቀምጫለሁ» አሉ። «ኒንጃዎቹ የነበሩበትን ተራራማ አገርም በእረፍት ቀን ወስደው አሳይተውኛል። ኒንጃ ነበር፤ ውሸት አይደለም። ግን ሰላይ ነው እንጂ መልአክ አይደለም።»

«ጥቁሩ ልብስስ?» አለ ደሳለኝ በተዘጋ ድምፅ።

«እሱ የቲያትር ነው አሉኝ። መድረክ ላይ ዕቃ የሚያነሡት ሰዎች ጥቁር ይለብሳሉ፤ ተመልካቹም እንዳላያቸው ይቆጥራል። እውነተኛው ሰላይማ እንደ ገበሬ፣ እንደ መነኩሴ፣ እንደ መድኃኒት ሻጭ ለብሶ በቀን በበሩ ይገባል። አንተ ጥቁር ተጠምጥመህ ገበያ ብትገባ ውሻው ሁሉ አይጮህብህም?»

«የውሃውስ ጫማ?»

«የእንጨት ነገር አሳይተውኛል። አንዱ ይቀመጡበት ነበር ይላል፤ ሌላው ለረግረግ ነው ይላል። ቆሞበት ባሕር የተሻገረ ግን የለም። ቢኖርማ ዛሬ አንተን አይቶ በሣቅ ይሰጥም ነበር።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማኝ። ሸክም የተሸከመ ሰው ፊት ማን ያያል?»

በገበያ ቀን ከዘጌ እንጨትና ጌሾ የጫኑ ታንኳዎች ማረፊያው ደረሱ። ደሳለኝ የተቀዳደደ ቁምጣ ለብሶ፣ ፊቱን በአመድ ለውሶ፣ ግንድ በትከሻው እየተሸከመ ከአያ ካሴ ታንኳ ያራግፋል። አያ ካሴ የእናቴ አጎት ልጅ ነው። ሁለት ጠባቂዎች መሣሪያ ይዘው ቆመዋል። አንደኛው «አንተ፣ ያን ግንድ ከመንገድ አንሣ!» ብሎ ጮኸበት፤ ወንድሜም ጎንበስ ብሎ አነሣ። ቀና ብሎም ያየው የለም።

እናቴ ጌሾ ትመርጣለች። እኔ ቀሚሷን ይዤ ቆሜያለሁ። በዚህ መሐል ሌላኛው ጠባቂ አወቃትና ቀረበ። «እትዬ፣ ልጅዎ ደሳለኝ የት ሄደ?»

ልጇ በአራት ርምጃ ርቀት ላይ ነበር።

እናቴ ከጌሾው ቀና አላለችም። «እስቲ እናንተ ንገሩኝ! ይሄ ዟሪ ሁለት ቀን ራቱን አልበላም። ስታገኙት 'ሽሮው ሻገተ' በሉልኝ» አለች። ጠባቂው ሳቀ። እሷም ሳቀች። «ካሴ፣ ይሄ ጌሾ ግንዱ በዛ፤ ቅጠሉ የት አለ?» ብላም ወደ ክርክሯ ተመለሰች።

ታንኳው ባዶውን ሲመለስ የኋለኛው ቀዛፊ ወንድሜ ነበር። እናቴ አላየችም። ደህና ሁን አላለችም። አንገቷን እንኳ አላዞረችም። ቤት ገብተን በሩ ሲዘጋ ግን ጌሾውን ማስቀመጥ አልቻለችም፤ ጣቶቿ አልፈታ አሉ። አንድ በአንድ ፈታሁላት። እንጨቱ መዳፏን ወግቶት ደምቷል።

ደሳለኝ መንግሥት እስኪለወጥ ዘጌ ቡና ሲለቅም ኖረ። አሁን ስለዚያ ጠዋት ሲያወራ ርምጃው ሁለት መሆኑ ቀርቶ ሰባት ደርሷል። ተረት እንዲህ እንደሚያድግ ያወቅሁት ከሱ ነው።

ለሶልያና «ነበሩ፤ ግን እንደ ሰው ነበሩ» አልኋት። ደስ አላላትም፤ ልጅ ጭሱን ነው የሚፈልገው። እኔ ግን ሌላ ነገር ሳስብ ዋልሁ። እኔም እናት ሆንሁ፤ አራት አሳደግሁ። አንዱ ለሥራ ራቅ ወዳለ አገር ሲሄድ አውቶቡሱ ሳይነሣ ዕንባዬ ይቀድመኛል፤ ልጆቼም «እማዬ፣ ሰው አያየንም እንዴ!» ይሉኛል። ያን ቀን ያየሁትን የእናቴን ፊት ብዙ ጊዜ በመስተዋት ሞክሬዋለሁ። አልተሳካልኝም። እንዳልማረው ያደረገችኝ ራሷ እናቴ ትመስለኛለች፤ እንዲህ ያለ ፊት የማያስፈልግበትን ዘመን ነበር የተመኘችልኝ።