ከመስመሩ የወጡት ሰባት ነጥቦች

ጋሽ ዓባይነህ ፊዚክስ ሲያስተምሩኝ አንድ ጊዜ ዜሮ አከናንበውኛል። ጥፋቴ ቀን መሳት ነበር። በእኛ ልማድ ቀን የሚቀየረው ሲነጋ ነው፤ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ላይ የታየ ኮከብ ገና የትናንት ነው። የዓለም የሥነ ፈለክ መዝገብ ግን በእኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀን ይቀይራል። «ከዘጠኝ በኋላ አንድ ቀን ጨምሩ!» እያሉ ጠረጴዛ ይደበድቡ ነበር። እኔ ግትሯ አልጨመርኩም።

አሁን ጡረታ ወጥተው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤታቸው ከእትዬ የሻረግ ጋር ይኖራሉ። ሥራ ግን አልፈቱም። ተራራ ላይ ቴሌስኮፕ የሚጠብቀው ሚደቅሳ ጠዋት ጠዋት የሌሊቱን ፎቶ ይልክላቸውና ሰዓቱን በስልክ ይነግራቸዋል። እሳቸው ሰዓቱንና ቀኑን በእጃቸው ደብተር ላይ ያሰፍራሉ፤ ኮምፒውተር አያምኑም። እኔ ሜክሲኮ አደባባይ ካለው ኮሌጅ ሥራዬ ስወጣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎራ ብዬ ስሌታቸውን አያለሁ።

የሚለኩት በጠፈር የሚዞር የአንድ ድንጋይ ድምቀት ነው። ፀሐይ ከጀርባችን ሆና ስናየው ይደምቃል፤ ወደ ጎን ስትሄድ ጉድጓዱና ጉብታው ጥላ ይጥላልና ይደበዝዛል። ግንባታ አጠገብ የተከመረ ጠጠርም እንዲሁ ነው። በፀሐይና በእኛ እይታ መካከል ያለው ማዕዘን ሲሰፋ ነጥቦቹ በወረቀት ላይ ወደ ታች የሚወርድ መስመር ይሠራሉ።

ዘንድሮ ግን ሰባት ነጥቦች ከመስመሩ ወጡ። ጋሽ ዓባይነህ እንቅልፍ አጡ። «ቤዛ፣ ድንጋዩ እየተሰነጠቀ ነው» አሉኝ፣ ዓይናቸው እያበራ። ለውጭ አገር ሊቃውንት የሚላክ ደብዳቤ ሁሉ ጽፈው ጨርሰዋል። አርባ ዓመት የለፉበት ስማቸው ከሥሩ ተፈርሟል። ደስታቸው ለምን እንዳስፈራኝ ያኔ አላወቅሁም።

ደብተሩን ለቀናት ተውሼ ሜክሲኮ ይዤው ሄድኩ። ሰባቱም ፎቶዎች ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ የተነሡ ናቸው። ሰባቱም ላይ ቀን አልተጨመረም። በእርሳስ አንድ አንድ ቀን ስጨምርላቸው፣ ከቀኑ የሚሰላው ማዕዘንም አብሮ ሲታረም፣ ነጥቦቹ አንድ በአንድ መስመሩ ላይ አረፉ። ድንጋዩ ምንም አልሆነም።

ክው አልኩ። ስህተቶቹን ደግሜ ቆጠርኩ፤ በየካቲት አንድ፣ በመጋቢት ሁለት፣ በሚያዝያ አራት። ወደ ቤታቸው ተመልሼ የድሮ ደብተሮቻቸውን አገላበጥኩ። በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ስህተት አንድም የለም።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም ልል ነበር። ደብዳቤው ከሄደ ግን ሰው ይስቅባቸዋል። እትዬ የሻረግ ገበያ የወጡ ቀን ደብተሩን ጋሽ ዓባይነህ ፊት ዘርግቼ በጣቴ አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። ደብዳቤውን አጣጥፈው ቀደዱት።

«ለየሻረግ እንዳትነግሪያት።»

«ሐኪም ዘንድ እንሂድ፣ ጋሼ።»

«እንሄዳለን። ስንት ነጥብ አለሽ?»

«ሰባት።»

«ሰባት ነጥብ መስመር አይሠራም» አሉ፣ ያኔ ክፍል ውስጥ በሚቆጡበት ድምፅ። «እኔ ስመዘግብ አታርሚኝ። ስህተቴን በሌላ ወረቀት ዝም ብለሽ ቁጠሪ። በየሳምንቱ ደግሞ ንገሪኝ፤ ወዴት እንደምሄድ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ምን ዓይነት ሰው ነው የራሱን ውድቀት የሚለካ! ተናድጄ አለቀስኩ፤ ግን ታዘዝኩ። ሐኪሙም ለመርሳቱ መድኃኒት ሰጣቸው። በየቅዳሜው ቁጥሩን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ወረቀቱ ላይ ነጥብ ያደርጋሉ። በግንቦት ስድስት። በሰኔ ዘጠኝ። ይህኛው መስመር ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

ባለፈው ቅዳሜ አጠገባቸው ተቀምጬ የክረምቱ ደመና ያስተረፈውን የሐምሌን ስህተት ስቆጥር ቀና ብለው አዩኝ።

«ምንድን ነው እንዲህ የምትቆጥሪው?»

እየቀለዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አልቀለዱም።

«ኮከብ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ጎበዝ» አሉ።