በሳፋ የተለወጠችው መርከብ

ሰባት ደብተር ሙሉ ባሕር በአንድ ሰማያዊ ሳፋ ተለወጠብኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ የደም ግፊቴ ይጨምራል። ሐኪሙ የዕድሜ ነው ይላል፤ እኔ ግን የንዴት እንደሆነ አውቃለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። መርካቶ ሶማሌ ተራ፣ አንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። ከስፌት መኪናዬ ፊት ለፊት አንድ ጨርቅ አስመጪ የሰጠን የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ ነበር። ዓመቱ ካለፈም በኋላ ማንም አላወረደውም፤ ሥዕሉ ላይ ባለ ሦስት ጭስ ማውጫ ትልቅ ነጭ መርከብ ነበረችበታ። ያቺን መርከብ ከሚስቴ የበለጠ ሳላያት አልቀርም። ባሕር ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። በሕይወቴ ያየሁት ትልቁ ውሃ ክረምት ላይ ቱቦ ሲደፈን መንገዳችንን የሚሞላው ነው፤ እሱንም የተሻገርኩት በተሸካሚ ጀርባ ታዝዬ ነው።

ዓይኔ ደክሞ ክር ከመርፌ ቀዳዳ ጋር አልስማማ ሲለኝ ሥራ አቆምኩ። ቤት የሚውል ሽማግሌ እንደ ቆመ ሰዓት ነው፤ ሁሉም ያየዋል፣ ማንም አያምነውም። ስለዚህ ደብተር ገዛሁና መርከቧ ላይ ተሳፈርኩ።

ታሪኬ በድሮ ዘመን ከጅቡቲ ወደ ፈረንሳይዋ ማርሴይ በምትጓዝ መርከብ ላይ የሚሆን ፍቅር ነው። መርከቧ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ አለ፤ ወጣት፣ ቁመተ ሎጋ፣ ጥርሱ የተሟላ። ደራሲ የፈለገውን ይፈጥራል፣ ጥርስም ጭምር። መርፌው ተራ መርፌ አይደለም፤ ልብስ ላይ በሰካው ቁጥር የባለቤቱን ሐዘን በጆሮው ሹክ ይለዋል። አንድ ቀን ባል የሞተባት፣ አንገተ ረጅም የባላባት ልጅ የቀሚሷ ጠርዝ ተተርትሮባት ትመጣለች። መርፌው ይናገራል። ከዚያማ ምኑ ይወራል! በዚያ ጉዞ ማዕበል የለም፣ የሚሰጥም ሰው የለም። ሻይ አለ፣ ጋቢ አለ፣ ከመርከቧ ኋላ እየተከተሉ የሚያንጎራጉሩ ዓሦች አሉ። ሰው እንዲሞቀው ብዬ የጻፍኩት ነው። ሰባት ዓመት ፈጀብኝ፤ ማርሴይ ልትታይ አንድ ሁለት ገጽ ቢቀረኝ ነው።

ያን ቀን የተሰበረ መነጽሬን ላስጠግን አብነት ሰፈር ሄጄ ተመለስኩ። ጠረጴዛው ባዶ ነው። ሥሩ አዲስ ሰማያዊ ሳፋ ቁጭ ብሏል።

"ደብተሮቼስ?"

"የቱ ደብተር?" አለች ሚስቴ፣ ምስር እየለቀመች። ቀናም አላለች።

"የቱ ደብተር ትለኛለች! ሰባቱ! መርከቧ!"

"እ፣ እሱን ነው? ልዋጭ መጥቶ ነበር።"

ልዋጭ ጠዋት ጠዋት በሰፈራችን እየጮኸ የሚያልፈው፣ አሮጌ ልብስ ተቀብሎ የፕላስቲክ ዕቃ የሚሰጠው ሰውዬ ነው።

"ሰባት ዓመት የጻፍኩትን በሳፋ ለወጥሽው?"

"ኧረ ወዲያ! ሳፋው በኮትህ ነው። ደብተሮቹንማ መረቅሁለት።"

መርካቶ ኖሮ ምርቃት ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሽንኩርት ስትገዛ ሻጯ ፊትህን አይታ የምትወረውርልህ ያቺ የመጨረሻ አንድ ራስ ናት። በጭልፋ ብትለውጠው እንኳ "ጭልፋ አወጣ" ብዬ እጽናና ነበር። ያ ብብቱ ያለቀ ኮቴ፣ ራሴ ሰፍቼው ራሴ ያፈርኩበት፣ ሳፋ አወጣ። ውቅያኖሴ የኮት ምርቃት ሆነ! በሩን በኃይል ልዘጋው ብዬ ወጣሁ፤ በራችን ደግሞ መጋረጃ ነው።

ልዋጩ የሰበሰበውን የሚያራግፈው አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ምናለሽ ተራ እንደሆነ ስለማውቅ ወደዚያው ገሰገስኩ። በአውቶቡስ ተራ በኩል ሳልፍ አንድ ደላላ ክንዴን ያዘኝ።

"አባባ፣ ጎጃም ነዎት? አንድ ሰው የቀረው!"

"ማርሴይ ነኝ!" ብዬ ጮህኩበት።

"እሱ በወዲያኛው በር ነው" አለኝ፣ ሳያቅማማ።

ልዋጩን ከአሮጌ ልብስ ክምር መሃል አገኘሁት። ኮቴን ለብሶታል። የባሰ ያናደደኝ ደግሞ ልክ ለእሱ የተሰፋ መምሰሉ ነው።

"ጋሼ፣ ኮቱን ከፈለጉ ሳፋውን ይዘው ይምጡ" አለ ገና ሲያየኝ።

"ኮቱ ይቅርብኝ! ደብተሮቹን አምጣ!"

"ወረቀቱን ነው? እሱማ ምርቃት ነው ጋሼ፣ ምን አደርገዋለሁ? ቆሎ ስገዛ ለዚያች ሴትዮ መረቅሁላት።"

በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ ምርቃት! እንዲህ እየተመረቅሁ ብቀጥል አመሻሽ ላይ ለፍየል ያበሉኝ ነበር።

ቆሎ ሻጯ ጎልማሳ ሴት ናት። ደብተሮቼን ከጎኗ ደርድራ፣ ገጹን እየገነጠለች በጣቷ ጠቅልላ ሾጣጣ ታደርግና ቆሎ ትሞላበታለች። ስድስቱ ደህና ናቸው። አራተኛው ግን ሆድ ዕቃው ወጥቶ ሽፋኑ ብቻ ቀርቷል። አጠገቧ የቆመ ተሸካሚ የመጨረሻዋን ፍሬ ወደ አፉ ገልብጦ ወረቀቱን ሲጥል ከመሬት አፈስኩት። "እግሯን በሁለት እጁ..." ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ተቀዷል።

"ምን ነካዎት አባባ? ቆሎ አምሮዎት ከሆነ እሰጥዎታለሁ፣ ከመሬት አያንሱ።"

"ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ!"

ሴትዮዋ እጇን ገታ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "እርስዎ ነዎት? ገዢ ሲጠፋ ሁለት ሦስቱን አይቼዋለሁ። ሰውዬው በጣም ያለቅሳል።"

"አያለቅስም!"

"ያለቅሳል እንጂ አባባ። ወረቀቱ ግን ወፍራም ነው፣ ለቆሎ ይመቻል።"

እንግዲህ የመጀመሪያዋ አንባቢዬ እሷ መሰለችኝ፤ አስተያየቷም ስለ ወረቀቱ ነው። ስድስቱን መልሽልኝ ብላት "በምን ልጠቅልል?" አለች። ከጎን ካለው ሱቅ ሁለት ባዶ ደብተር ገዝቼ ሰጠኋትና ለወጥን። እኔም ልዋጭ ሆንኩ። ስድስት የተጻፈ ለሁለት ባዶ፤ ከዚያም ላይ አንድ ጥቅል ቆሎ መረቀችልኝ። አልበላም ብዬ ነበር፤ መንገድ ላይ በላሁት። ባሉኝ ጥርሶች።

ቤት ስገባ ስድስቱን ደብተር ጠረጴዛው ላይ ወረወርኳቸው።

"አራተኛው አልቋል! ሰው ቆሎ በልቶበታል! አሁን ማን ይጽፈዋል? ምን እንዳልኩ አላስታውስም እኮ!"

ሚስቴ የምስሩን ሰፌድ ወደ ጎን አደረገችው። ከዚያ ግድግዳውን እያየች፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ፣

"ልብስ ሰፊው ጉልበቱን አጠፈ" አለች። "ውሃውን በክርኑ ለካው። እግሯን በሁለት እጁ እንደ አዲስ ሐር ያዘው፤ መርፌው እንኳ ዝም አለ።"

መሠረተ ትምህርት ገብታ ፊደል መቁጠሯን አውቃለሁ። ግን የመብራት ወረቀት ሲመጣ እንኳ "እስኪ አንብብልኝ" የምትል ሴት የእኔን የዶሮ ጭረት ታነባለች ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ደብተሮቹን ፊቷ ዘርግቼ የምሄደው ለዚህ ነበር። ብልጥ ነኝ ብዬ!

"አንብበሽዋል?"

"አብነት ስትሄድ፣ ቀብር ስትሄድ፣ ዕድር ስትሄድ። ሰባቱንም። ሁለት ሁለት ጊዜ።"

"ታዲያ ወደሽው ከሆነ ለምን ሰጠሽብኝ?"

"ለዚሁ ነዋ!" አሁን እሷም ጮኸች። "ለዚያች ለአንገተ ረጅሟ ወንበር ትስብላታለህ፣ ሻይዋን ታበርድላታለህ፣ እግሯን ታጥብላታለህ! አርባ ዓመት ሙሉ ከመኪናህ ላይ አብጦ የሚመጣውን እግርህን ማን አጠበው? አንድ ቀን 'የአንቺስ እግር?' ብለኸኛል? ለካ ታውቅበታለህ! እኔ እኮ የተውኩህ አያውቅበትም ብዬ ነው።"

"እሷ እኮ የለችም፣ አንቺ ሴት! ፈጥሬያት ነው!"

"እኔ ግን አለሁ።"

በእሷ ተናደድኩ፣ በልዋጩ ተናደድኩ፣ በራሴ ተናደድኩ። ከሁሉም በላይ ያን ጥርሱ የተሟላ ልብስ ሰፊ በጥፊ ባጮልኩት ብዬ ተመኘሁ። ወንበር መሳብ ለእሱ ምኑ ነው? ወገቡን አያመው!

ሳፋውን ከጠረጴዛው ሥር ጎትቼ አወጣሁት። ጀበናና ድስት ሳልመርጥ ምድጃው ላይ ያገኘሁትን ሙቅ ውሃ ገለበጥኩበት፤ የምስር መቀቀያዋ ነበር። ወንበሩን ስስብላት ግን ወደ ኋላ ሸሸች።

"ልትጥለኝ ነው?"

"ተቀመጪ!"

"እንዲህ እየጮህክ ነው የሳብክላት?"

ተቀመጠች። ጉልበቴን ሳጥፍ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። ውሃውን በክርኔ ለካሁት፤ የሸሚዜ እጅጌ ራሰ።

"ቀዝቅዟል" አለች።

"መርከቧ ላይ አንድ ቀን ተነጫንጫ አታውቅም!"

"እሷ ገና ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። ዝም ብለህ እጠብ።"

እግሯን ያዝኩ። ሐር አይደለም። ተረከዙ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል፣ ቁርጭምጭሚቱ አብጧል። የግራ እግሯ ትንሿ ጣት ጥፍር የላትም።

"ይሄ ምን ሆኖ ነው?"

"ሙቀጫ ወድቆብኝ።"

"መቼ?"

"የመጨረሻውን ልጃችንን እርጉዝ ሳለሁ።"

ልጃችን አሁን ራሱ መላጣ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ግድግዳ ላይ የተሰቀለች መርከብ ጭስ ማውጫ ስቆጥር ኖሬአለሁ። ንዴቴ ያን ጊዜ ሌላውን ሁሉ ትቶ እኔው ላይ ሰፈረ፤ እስካሁንም አልወረደም። ማጠቡን ጨርሼ መነሳት ሲያቅተኝ በብብቴ ይዛ ያነሳችኝ እሷ ናት። ምስሩም ሳይቀቀል ዋለ።

አራተኛውን ደብተር እንደገና እየጻፍኩት ነው። እሷ በቃሏ ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ያላልኩትንም እየጨመረች እንደሆነ አውቄባታለሁ። የባላባቷ ልጅ አሁን በግራ እግሯ ትንሽ ጣት ላይ ጥፍር የላትም፣ ውሃው ሲቀዘቅዝባትም ትነጫነጫለች። ትናንት ሚስቴ ገጹን በጣቷ እየተከተለች አንብባ ስታበቃ "አንገቷንም አሳጥረው" አለችኝ።

አላሳጥርም! ደራሲው እኔ ነኝ።